ወገቤን

ባለፈው ፋሲካ ቤቴ ውስጥ የተነሣ አንድ ጨዋታ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። የአክስቴ የልጅ ልጅ ከአሜሪካ መጥታ ነበር። ይህች ልጅ ተወልዳ ያደገችው መንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ነው። በግ ጠብቃ፣ ኩበት ለቅማ፣ በኩራዝ አጥንታ፣ ዛሬ ባሕር ማዶ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ሆናለች። መንገዱ አያስተማምንም ስለተባለ እሷ አገር ቤት መውጣቷ ቀረና እናቷ እንደምንም ብላ አዲስ አበባ መጣች፤ ያረፉትም እኔ ዘንድ ነው። ዶሮው ተበልቶ ቡናው እስኪፈላ ድረስ፣ መቼም ማስተማሩን ብተወው አመሉ አልተወኝምና፣ ልጅቷን መጠየቅ ጀመርኩ።

«ለመሆኑ ምርምርሽ በምን ላይ ነው?»

«በአይጥ ላይ ነው፣ ጋሼ።»

እናትየው ስኒ ከምታጥብበት ቀና አለች።

«በምን ላይ?»

«በአይጥ፣ እማዬ።»

«አይጥ ከሆነማ ጓሳ ሞልቶልሽ የለም ወይ? ለአይጥ ብለሽ ነው ይህን ሁሉ ባሕር የተሻገርሽው?»

ሳቅን። ሴትዮዋ እውነቷን ነው። ጓሳን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቀይ ቀበሮ ሣሩ ውስጥ አድብቶ አይጥ ሲይዝ ማየት ለዚያ አገር ልጅ ብርቅ አይደለም።

«የእኛዎቹ ሌላ ናቸው። ፀጉር እንኳ የላቸውም» አለች ልጅቷ። «የማጠናው የወንዶችን ካንሰር ነው፣ የፕሮስቴትን። ከዕጢው ተነሥቶ እንዴት አጥንት ውስጥ እንደሚገባ ነው የምንከታተለው። ሰው ላይ መሞከር ስለማይቻል አይጥ ላይ እናየዋለን።»

የእኔ ሳቅ እዚህ ላይ ቆመ። ሁለቱም አላስተዋሉኝም።

«ፕሮስቴት» የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት በሰባት ዓመቴ ነው። ነሐሴ 1967 ዓ.ም. ነበር። በሰፈራችን አንዲት ሬዲዮ ነበረች፤ ባለቤቷ ጠላ ሻጭ ስለነበረች ዜና የሚሰማው እየተጠጣ ነው። ደርግ ጃንሆይ ማረፋቸውን አስነገረ። ከሁለት ወር በፊት የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው እንደነበርም አብሮ ተነገረ። ከዓመታት በኋላ በፍርድ ቤት የቀረበው ክስ ታንቀው ተገደሉ የሚል እንደነበር አንባቢ ያውቃል። እኔ ግን ያን ቀን የሰማሁት እንግዳውን ቃል ነበርና አባቴን «ፕሮስቴት ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አባቴ ጋቢያቸውን ሳብ አድርገው «የሽንት ነገር ነው፤ ዝም በል» አሉኝ። ዝም አልኩ። እንግዲህ ያ ዝምታ ምን ያህል እንደቆየ ነው ዛሬ የማወጋችሁ።

አባቴ «ወገቤን» ማለት የጀመሩት በ1998 ዓ.ም. የመኸር ሰሞን ነው። የመንዝ ገበሬ ወገቤን ቢል ማን ይደነግጣል? ዕድሜውን ሙሉ ሞፈር ቀንበር የተሸከመ፣ ድንጋይ ፈንቅሎ ካብ የካበ፣ በዚያ ውርጭ በርኖሱን ደርቦ አውድማ ሲጠብቅ ያደረ ሰው ወገቡን ካላመመው ነው የሚገርመው። «ብርድ ነው» ተባለ። ጨው በጨርቅ ተቋጥሮ ተሞቀ። ጸበል ተኬደ። ወጌሻ መጥቶ በቅቤ አሻቸው። ከአንድ ጤና ጣቢያም ሦስት ጊዜ ማስታገሻ ክኒን ተሰጣቸው። እኔም ለበዓል በሄድኩ ቁጥር አዲስ አበባ ያገኘሁትን ቅባት ሁሉ እየሰበሰብኩ እወስድ ነበር።

ሌሊት የበሩ ሲጥ ማለት ይሰማኛል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም አምስት ጊዜ ለሽንት ይወጣሉ። ተኝቼ እቆጥራለሁ። ጠዋት ግን «እንዴት አደሩ?» ስላቸው «እግዚአብሔር ይመስገን፤ ይህቺ ወገቤ ናት እንጂ» ይላሉ። እኔም ስለ ወገባቸው እንጂ ስለ በሩ አንሥቼ አላውቅም።

አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን መንዝ ተቀምጦ ካጠና በኋላ እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተመውን መጽሐፍ «ሰምና ወርቅ» ያለው ያለ ምክንያት አይደለም። አገሬው በሰም ይናገራል፤ ወርቁን ፈልቅቆ ማውጣት የአድማጩ ፋንታ ነው። አባቴ ሰሙን ደጋግመው ነገሩኝ። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ ኮሌጅ ውስጥ ቆሜ ቅኔ እንዴት እንደሚፈታ የማስተምር ሰው ነበርኩ!

በ1999 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ እያነከሱ አዲስ አበባ አመጣኋቸው። ራጅ ተነሡ፣ ደም ሰጡ፣ ከዕጢው ናሙና ተወሰደ። አከርካሪያቸው፣ ዳሌያቸው፣ ጎድናቸው፣ ሁሉም ተይዟል።

ወደ ፋሲካው ጨዋታ ልመለስ። ልጅቷን «እስቲ ከሥሩ አስረጂን» አልኳት። አስረዳችን፤ እንዲህ ያለ አስተማሪ በነበርኩ አሰኘችኝ።

ፕሮስቴት ከሽንት ፊኛ ሥር ያለች፣ የትንሽ ሎሚ ያህል የምታክል የወንድ ዕጢ ናት። ካንሰር ሲነሣባት ብዙ ጊዜ ለዓመታት ድምፁን አያሰማም። ከዕጢዋ ሲወጣ ደግሞ ያገኘው ቦታ ላይ ሁሉ አያርፍም፤ አጥንት ይመርጣል። ለምን? የዚህ ጥያቄ መነሻ ሩቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1889 እስቲቨን ፓጄት የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በጡት ካንሰር የሞቱ 735 ሴቶችን መዝገብ አገላብጦ፣ ነቀርሳው የሚዛመተው በዘፈቀደ እንዳልሆነ ጻፈ። ሕዋሱ ዘር ነው፤ ዘር ወደ አራቱም ማዕዘን ይበተናል፤ የሚበቅለው ግን የሚስማማው አፈር ላይ ብቻ ነው አለ።

«ታዲያ ይህን ለማወቅ እንግሊዝ መሆን ያስፈልጋል?» አለች እናትየው። «ጤፍን እኛ ደጋ ላይ ዝራው እስቲ! ገብስ እንጂ ጤፍ ይሆናል?»

«እሱን ነው የምልሽ እማዬ። የፕሮስቴት ካንሰር አፈሩ አጥንት ነው።»

አጥንት፣ እኛ እንደ ድንጋይ ብናየውም፣ በየቀኑ የሚፈርስና የሚገነባ ሕያው ነገር ነው። አፍራሽ ሕዋሳት አሉት፤ ገንቢ ሕዋሳትም አሉት። የካንሰሩ ዘር መቅኔው ውስጥ ሲገባ የሁለቱን ስምምነት ያበላሸዋል። የብዙ ነቀርሳ ጠባይ አጥንት መብላት ነው። የፕሮስቴቱ ግን ብዙውን ጊዜ ገንቢዎቹን ያሳብዳቸዋል፤ አጥንቱ በማይሆን ቦታ፣ በማይሆን አኳኋን ይጠነክራል። ጥንካሬው የውሸት ነው። ሥራ የማያውቅ ሰው የካበውን ካብ አስቡት፤ ድንጋዩ ይበዛል፣ እርስ በርሱ ግን አይያያዝም። አንድ ቀን ይናዳል።

«አይጧስ?» አልኳት። «አይጥ ይህ በሽታ አለባት?»

«የለባትም! ችግሩ እሱ ነው። አይጥ በራሷ ጊዜ የፕሮስቴት ካንሰር አይይዛትም ማለት ይቻላል። ከእንስሳት መካከል እንደ ሰው በራሱ የሚታመምና ወደ አጥንትም የሚሄድበት ውሻ ነው። ውሻ ግን ትልቅ ነው፣ ዕድሜውም ይረዝማል፣ ሰውም ይሳሳለታል። ስለዚህ የሰውን በሽታ ለአይጧ እንሰጣታለን።»

ፀጉር አልባዎቹ አይጦች የተገኙት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ እስኮትላንድ ውስጥ ነው። ሲፈጠሩ ታይመስ የሚባለው ዕጢ የላቸውም። የሰውነት መከላከያ ጦር የሚሠለጥነው ደግሞ እዚያ ዕጢ ውስጥ ነው። ጦር የሌለው አገር የመጣበትን ሁሉ እንደሚቀበል፣ እነሱም የሰው ነቀርሳ ሲሰጣቸው አይመልሱም። ተመራማሪዎቹ የሰውን የካንሰር ሕዋስ በቀጭን መርፌ ወደ አይጧ ልብ፣ በግራ በኩል ወዳለው ክፍል ይወጉታል። በጅራቷ ደም ሥር ቢሰጧት ሳንባዋ ላይ ይቀራል፤ ከልቧ ግራ ክፍል የተነሣ ደም ግን መላ አካሏን ያዳርሳል፣ ከአጥንቷም ይደርሳል። ሕዋሱ ላይ በጨለማ ከሚያበራ ጥንዚዛ የተወሰደ ዘረመል አስቀድሞ ይገባበታል። ከዚያ አይጧን አስተኝተው፣ መድኃኒት ሰጥተው፣ ጨለማ ሳጥን ውስጥ በካሜራ ሲያዩዋት ካንሰሩ ያረፈበት አጥንት ይበራል።

«ሳታነክስ፣ ሳይታወቃት?» አልኩ።

«ሳትሰማው በፊት እናያለን።»

«ሞዴል» ይሉታል ይህን አሠራር። እኔ ግን «አይጧ ሰም ናት በይኛ፤ ወርቁ ሰውዬው ነው» አልኳት። ደስ አላት።

«እንደሱ ይበሉት። ግን ጋሼ፣ ሰሙ ሁልጊዜ ወርቁን አይሰጥም።»

ምክንያቷን ቆጠረችልኝ። የሰው በሽታ ዓመታት ይወስዳል፤ የአይጧ ሳምንታት። በየላቦራቶሪው በብዛት ከሚሠራባቸው ሕዋሳት አንዱ ፒሲ ሦስት ይባላል። ከአንድ የ62 ዓመት ነጭ ሰው አጥንት የተወሰደ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1979 ይፋ ሆነ፤ እስከ ዛሬም በብርጭቆ ውስጥ እየተራባ ይኖራል። ይህ ሕዋስ አይጧ ውስጥ ሲገባ አጥንት ይበላል እንጂ እንደ አብዛኞቹ ሕመምተኞች አጥንት አያስገነባም። ደግሞም የላቦራቶሪው ሕዋሳት ባለቤቶች በአብዛኛው ነጮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1997 ከአንድ ጥቁር አሜሪካዊ አጥንት የተገኘ ዓይነት አለ፤ እንዲህ ያሉት ግን ጥቂት ናቸው። በአሜሪካ በዚህ በሽታ ከነጮቹ ይልቅ አብዝተው የሚሞቱት ጥቁሮች ሆነው ሳለ ማለት ነው። «የመንዝ ሰውማ ጨርሶ አላጋጠመኝም» አለች እየሳቀች።

አይጥ ላይ የሠራ ሰው ላይ የሚወድቅበትም ጊዜ አለ። አትራሴንታን የሚባል መድኃኒት ካንሰሩ ከአጥንት ገንቢዎቹ ጋር የሚላላክበትን መንገድ ይዘጋል ተብሎ፣ በአይጥ ላይ ጥሩ ተስፋ አሳይቶ፣ በብዙ ሕመምተኞች ላይ ሲፈተን ወደቀ። የተሳካም አለ። እ.ኤ.አ. በ1997 ተመራማሪዎች አይጥ ላይ ሲሠሩ የአጥንት አፍራሾቹን ልጓም የሚይዝ ፕሮቲን አገኙ። ከዚያ ፍንጭ የተነሣው ዴኖሱማብ የተባለ መድኃኒት በ2010 ካንሰር አጥንታቸው ለገባ ሰዎች ተፈቀደ። አጥንት እንዳይሰበር ያዘገያል፤ ዕድሜ ግን አላስረዘመም። ይህን ሁሉ ስትነግረኝ ያልተኩራራችበትን ያህል ተስፋም አልቆረጠችም።

ከዚያ፣ ቡናው ሁለተኛ ሲቀዳ፣ እንደ ዋዛ እንዲህ አለች።

«ወንዶቹን አይጦች አንዳንዴ እናኮላሻቸዋለን።»

«ወዲያ! ምን በደሉ?» አለች እናቷ።

«ሰው ላይም ሕክምናው እሱ ነው። ካንሰሩ ቀለቡን የሚያገኘው ከወንድነት ሆርሞን ነው። ቻርልስ ሀጊንስ የሚባል ሐኪም ውሻ ላይ ሲያጠና ቆይቶ፣ ከዚያ ሰዎች ላይ አይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1941 አሳወቀ። የዘር ፍሬው ሲወጣ አጥንቱን ያመመው ሰው አንዳንዴ በቀናት ውስጥ ይቀለዋል። ኖቤል የተሸለመው በ1966 ነው። ዛሬም መርፌውን መግዛት ለማይችል ሰው ዋናው ሕክምና ይኸው ነው።»

«በቀናት ውስጥ?»

«በቀናት። ለምን ጋሼ?»

መልስ አልሰጠኋትም። ለእናንተ ግን ልናገር።

በ1999 ዓ.ም. አባቴን ያየው ሐኪም ወጣት ነበር። ኮሪደር ላይ ጠርቶኝ ነገሩን አንድ በአንድ አስረዳኝ። ጥፋት የለበትም። «በየሦስት ወሩ የሚወጋ መድኃኒት አለ፤ ውድ ነው፣ ሁልጊዜም አይገኝም። የዘር ፍሬያቸውን ብናወጣ ግን ቀላል ቀዶ ሕክምና ነው፣ ሕመሙ ቶሎ ይቀልላቸዋል። አባትህን አነጋግራቸውና ንገረኝ» አለኝ።

አባትህን አነጋግራቸው! ክፍሉ በር ላይ ቆምኩ። አባቴ በርኖሳቸውን ከአልጋው ላይ ደርበው ወደ መስኮቱ ያያሉ። ምን ብዬ ልጀምር? በእኛ አገር በግ ይኮላሻል፤ ሙክት ይሆናል፤ ለፋሲካ ይታረዳል። አባቴ በእጃቸው ስንቱን ሙክት አድርገዋል! የሚሉኝን ሰማሁት መሰለኝ፤ «ሙክት ልታደርገኝ ነው ያመጣኸኝ?» ይሉኛል። ሳይሉኝ ፈረድኩባቸው። ሳልገባ ተመለስኩና ሐኪሙን «አነጋገርኳቸው፤ አልፈልግም ብለዋል» አልኩት። መዝገቡ ላይ ጻፈው። ሕመምተኛው አልፈቀዱም ተባለ።

ለአባቴ ደግሞ «ብርድ ነው አሉ፣ አባባ» አልኳቸው።

«እሱንማ እኔም ብዬ ነበር» አሉ።

በዚያን ጊዜ በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ዛሬ ጅማን ጨምሮ በሌሎች ከተሞችም ተጀምሯል። ካንሰር አጥንቱን ለሚያምመው ሰው አንዳንዴ አንድ ቀን ብቻ የሚሰጥ ጨረር ሕመሙን ሊያስታግስለት እንደሚችል ያወቅኩት በኋላ ነው። እኔ ግን ወረፋ ለመያዝ እንኳ አልሞከርኩም፤ ጨረር ካልኩ «ለብርድ ጨረር ምን ያደርጋል?» ይሉኛላ! ውሸት እንዲህ ነው፤ አንዴ ከጀመራችሁት የሕክምናውንም በር እሱ ይዘጋዋል። ወደ መንዝ መለስኳቸው። መጋቢት ላይ እግራቸው አልታዘዝ አለ። ሰኔ ላይ አረፉ።

ከማረፋቸው ሳምንት በፊት አጠገባቸው ተቀምጬ ሳለ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «አንተ ልጅ» አሉኝ። «አቤት አባባ።» «ይህን ሁሉ ፊደል ስትቆጥር ደህና አድርገህ መዋሸት እንኳ አላስተማሩህም?» ፈገግ ያሉ መሰለኝ። ያን ጊዜም ላወራቸው እችል ነበር። «ምን ዋሸሁ?» አልኳቸው እንጂ አላወራኋቸውም።

ፋሲካ ዕለት ይህ ሁሉ በልቤ ሲመላለስ እናትየው ልጇን ትጠይቃለች።

«እነዚህ አይጦች ግን አያሳዝኑሽም?»

«ያሳዝኑኛል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት አልቅሻለሁ። ግን እንዲሁ ዝም ብለን አንነካቸውም፤ ፈቃድ እንጠይቃለን።»

«አይጧን?»

«ኮሚቴውን። ዩኒቨርሲቲው ለዚህ ያቆመው ኮሚቴ አለ።»

ፎርሙ ብዙ ገጽ ነው አለች። ያለ እንስሳ ማጥናት አይቻልም ወይ? በአነስተኛ ቁጥር አይሆንም ወይ? ሥቃይን በምን ትቀንሳላችሁ? ሁለት እንግሊዛውያን እ.ኤ.አ. በ1959 በመጽሐፍ ካወጧቸው መርሆች የመነጩ ጥያቄዎች ናቸው። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ጥያቄ አለ። የትኛው ምልክት ሲታይ ታቆማላችሁ? ክብደቷ ይህን ያህል ከቀነሰ፣ ወይም ማንከስ ከጀመረች፣ ሙከራው በዚያው ዕለት ያበቃል። አይጧ ሳትሠቃይ እንድትሞት ይደረጋል። እናትየው አማተበች።

«በየቀኑ የሚያያት ሰው አለ፤ ይመዝናታል፣ አካሄዷን ይጽፋል» አለች ልጅቷ። «መናገር ስለማትችል እኮ ነው።»

አባቴ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት አነከሱ። ከዚያ ማንከሱም ቀረ። ማንም አልመዘናቸውም፣ ማንም አልጻፈም። ግን መናገር ይችሉ ነበር። እኔ ነኝ ያልጠየቅኳቸው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንላለን። ተረቱ የሚወቅሰው ሕመምተኛውን ነው። በሽታውን ከሕመምተኛው ለደበቀ ልጅ ግን ተረት አልወጣለትም።

እውነቱን ለመናገር ይህ የእኔ ብቻ ጥፋት አይደለም። «እንዳይደነግጥ ነው» ብለን በየቤታችን ስንት ሰው እንደ አይጧ አስቀርተናል? እንዲያውም ከአይጧ አሳንሰናል፤ እሷ እንኳ ስለ እሷ የሚጠይቅላት ኮሚቴ አላት። ምናልባት አባቴ «አይሆንም» ይሉ ነበር። መብታቸው ነው። ምናልባት ደግሞ ወደ መስኮቱ ትንሽ አይተው «ሕመሙ ይለቀኛል ወይ?» ብለው ይጠይቁኝ ነበር። «በቀናት ውስጥ» ብዬ እመልስላቸው ነበር።

ልጅቷ ጀበናውን ካነሣሣች በኋላ ለብቻዬ አገኘችኝ። ነገሩ ገብቷታል።

«አያቴ በዚህ ነው የሞቱት፣ አይደል ጋሼ?»

«በዚህ ነው።»

«እርስዎስ ተመርምረዋል?»

«እኔ ምን አመመኝና!»

«አይጧንም ሳያማት ነው የምናያት» አለችኝ።

አባቱ ወይም ወንድሙ ይህ በሽታ የያዘው ሰው ከሌላው እጥፍ ያህል ለበሽታው የተጋለጠ ነው። ይህን ካወቅኩ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖኛል። ዘንድሮ ሃምሳ ሰባት ዓመቴ ነው። ፒኤስኤ የሚባለው የደም ምርመራ ፍጹም እንዳልሆነም አውቃለሁ። ቁጥሩ ከፍ ያለበት ሁሉ ካንሰር የለበትም፤ ዕጢው በዕድሜ ብቻ ያበጠበትም ሰው ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ሕይወቱን የማይነካ ነቀርሳ ተገኝቶበት በከንቱ ለሕክምና ጣጣ የሚዳረግም አለ። ለዚህም የአሜሪካ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ለሁሉም ሰው ባይደረግ ይሻላል ብለው፣ በ2018 ደግሞ ዕድሜው ከ55 እስከ 69 የሆነ ሰው ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ይወስን ብለዋል። ተነጋግሮ! እኔ የምሸሸው መርፌውን ሳይሆን ይህችን ቃል እንደነበረ የገባኝ አሁን ነው።

ግንቦት ላይ ሄድኩ። ብቻዬን ልሂድ ብዬ ነበር፤ ከቤት ስወጣ ሐሳቤን ቀየርኩና ልጄን «ንዳልኝ» አልኩት። ሠላሳ ዓመት የሞላው ሰው ነው። ሐኪሙ ውጤቱን አይቶ ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ከሦስት ወር በኋላ ይደገማል፣ ያኔም ካልወረደ ሌላ ምርመራ ይከተላል አለኝ። ወደ መኪናው ተመለስኩ።

«ምን አሉህ አባዬ?»

አፌ ላይ የመጣው «ምንም፤ ብርድ ነው» የሚለው ነበር። በግንቦት! ዋጥኩት።

«የፕሮስቴት ምርመራ ነው ያደረግኩት። ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ብሏል። ይደገማል። አያትህ የሞቱበት በሽታ ስለሆነ ነው የተመረመርኩት። አንተም ዕድሜህ ሲደርስ መመርመርህ አይቀርም።»

ሞተሩን አስነሥቶ ነበር፤ መልሶ አጠፋው። ዞር ብሎ አየኝ።

«አያቴ? አያቴ በብርድ ነው የሞቱት ብለኸኝ አልነበረም እንዴ?»

ብዬው ነበር። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለ፣ ከቀብር ስንመለስ፣ መኪና ውስጥ ጠይቆኝ፣ ብዬው ነበር።

እዚያው ቆመን፣ ከሬዲዮዋ ጀምሬ ነገርኩት።